በክሎሮክስ ያልታጠበው ብልቃጥ

የመጀመሪያዎቹን የገደልናቸው በክሎሮክስ ነው። ሆን ብለን አይደለም። በዚያ የኮሮና ወቅት በዚያ ቤት ክሎሮክስ፣ እኛ በረኪና የምንለው፣ ያልነካው ነገር አልነበረም። ቲማቲም ይታጠብበታል፤ የበር እጀታ፣ የመኪና ቁልፍ፣ የዳቦ ላስቲክ፣ የእኔ ነጠላ ጫማ ይታጠቡበታል። ዕቃ አድራሹ ካርቶኑን ደጃፍ ላይ አስቀምጦ፣ ደወል ተጭኖ ሲሄድ፣ እኔ ጨርቅ ይዤ እወጣና መጀመሪያ ደወሉን እጠርጋለሁ፤ ከዚያ ካርቶኑን፤ ከዚያ ካርቶኑ ያረፈበትን ደረጃ። ማዳም አፍና አፍንጫዋን ሸፍና ከመስኮት ታዘኛለች፦ "ከታችም! ከጎኑም!" የጣቶቼ ቆዳ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይላጥ ነበር። ስተኛ ጉንጬን በእጄ ስደግፍ የመዋኛ ገንዳ ይሸተኛል። መዋኛ ገንዳ ውስጥ ግን ገብቼ አላውቅም።

ቤቱ ኩዌት፣ ሳልሚያ ነው። ከባሕሩ ቢርቅ ጥቂት መንገድ ነው። ያኔ ግን ሰዓት እላፊ ታውጆ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ተዘግቶ፣ አርብ አርብ የምወጣባት ፈቃዴም ተሰርዛ፣ ባሕሩን የማየው ጣራ ላይ ልብስ ሳሰጣ ብቻ ነበር፤ በሁለት ሕንፃዎች መሃል የተሰነቀረች ቀጭን ሰማያዊ ክር። ማዳም መሥሪያ ቤቷ ስለተዘጋ ቤት ዋለች። ባሏ፣ ባባ የምንለው፣ ከወዳጆቹ ጋር የሚቀመጥበት ዲዋንያ ስለተከለከለ ቤት ዋለ። ሁለተኛ ክፍል የምትማረው ልጃቸውም ቤት ዋለች። እኔ ድሮም ቤት ነበርኩ። ማዳም ለእህቷ በስልክ "ሰው እንዴት ወር ሙሉ ቤት ውስጥ ተዘግቶ ይኖራል?" እያለች ስታማርር፣ እኔ ከኋላዋ ምንጣፍ እጠርግ ነበር። ዞር ብላ አላየችኝም። ብታየኝ ኖሮ እንደምስቅ ታውቅ ነበር።

ልጅቷ ድመት ጠየቀች። ማዳም ድመት ፀጉርና በሽታ ታመጣለች አለች። ለቅሶው ሲበረታ፣ ከአሻንጉሊት መደብር አንድ ሳጥን አዘዘችላት። ሳጥኑ ላይ ዘውድ የደፉ፣ ሮዝ ቀለም ያላቸው፣ ጥርሳቸውን ፈልቅቀው የሚስቁ የባሕር ፍጡራን ተስለዋል። ውስጡ ያለው ግን የእጅ መዳፍ የምታህል የላስቲክ ገንዳና ሦስት ትንንሽ ከረጢቶች ብቻ ናቸው፤ አንዱ ጨው፣ አንዱ መኖ፣ አንዱ ደግሞ እንቁላል። እንቁላሉ የቀረፋ ዱቄት ይመስላል። ልጅቷ ከረጢቱን ቀድዳ ወደ ውስጥ አየች። ድመት ጠይቆ አቧራ የተሰጠው ሰው የሚያሳየውን ፊት አሳየች።

"ገንዳውን መጀመሪያ በክሎሮክስ እጠቢው" አለች ማዳም። አጠብኩት። ደግማ "ሸተተኝ፣ በደንብ አልታጠበም" አለችና በላዩ ላይ ራሷ ጨመረችበት። ያን የመሰለ ገንዳ ውስጥ ጨውና ውሃ ተደርጎ እንቁላሉ ተበተነ። ልጅቷ አገጯን ጠረጴዛ ላይ አስደግፋ ጠበቀች። በማግስቱም ጠበቀች። ምንም የለም። በሦስተኛው ቀን "ውሸት ነው! ሁሉም ነገር ውሸት ነው!" ብላ ገንዳውንም፣ የተረፉትን ከረጢቶችም ኩሽና ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ወረወረቻቸው።

በዚያ ቤት ቆሻሻም ባለቤት አለው። አንድ ጊዜ ጫፉ የተተረተረ ሻሽ ከመጣያው አንስቼ "ማን ፈቀደልሽ?" ተብያለሁ። ሕጉ የገባኝ ያን ቀን ነው፤ የተጣለ ነገር የግቢውን በር እስኪያልፍ ድረስ የእነሱ ነው፣ ካለፈ በኋላ የቆሻሻ መኪናው ነው። የእኔ የሚሆንበት ቦታ የለም። ሕጉን እያወቅሁ ከረጢቶቹን አነሳሁ። የእንቁላሏን ከረጢት ወደ መብራት አቀናሁና አየሁ፤ በአንዱ ጥግ ቡናማዋ አቧራ ተጣብቃ ቀርታለች። ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትኳት። ልቤ ደረቴን ይደበድብ ነበር፤ ለአቧራ!

ስለ ራሴ ይህን ልበል። ግጥም እጽፋለሁ፤ ማንም አላስተማረኝም። አዳማ መናኸሪያ አጠገብ መሬት ላይ አሮጌ መጻሕፍት የሚያነጥፍ ሰውዬ ነበር፤ ቆሜ አነብና መልሼ አስቀምጣለሁ።

"እህት፣ ቤተ መጻሕፍት መሰለሽ እንዴ?"

"ቤተ መጻሕፍት ቢሆንማ ወንበር ይኖረው ነበር።"

አንድ ቀን ባዶ ጀሪካን ገልብጦ "በይ ተቀመጪ፣ ቆመሽ ገበያዬን ጋረድሽው" አለኝ። ትምህርቴ ያ ጀሪካን ነው። ኩዌት ከመጣሁ ወዲህ ግጥም የምሠራው በካውያ ነው። የባባን ዲሽዳሻ፣ ነጩን ረጅም ቀሚሱን፣ ስተኩስ አንዱ እጅጌ አንድ ስንኝ ነው፤ ጀርባው ሰፊ ስለሆነ ረጅም ሐሳብ ይይዛል። ካውያውን ሳሳርፍ ስልኬ ላይ እጽፈዋለሁ።

የምተኛው ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ነው። አልጋዬ ከማሽኑ ጎን ነው፤ ከአልጋዬ ሥር የሳሙና ካርቶኖች አሉ። በሩ ቁልፍ የለውም። ሳሙና የፈለገ ይገባል፣ ካልሲው የጠፋበት ይገባል፣ እኔን የፈለገ ይገባል። ተኝቼም፣ ልብስ እየቀየርኩም፣ እየጸለይኩም ይገባሉ። ባባ ብቻ ከደጅ ይጣራል። በሩን ግን እሱም አያንኳኳም።

ከዕቃዎቼ መካከል አንዲት የማር ብልቃጥ ነበረች። ማሩ ሲያልቅ ማዳም ራሷ "ከፈለግሽ ውሰጂያት" ብላ የሰጠችኝ ናት። በዚያ ቤት አንድ ሰው በአፉ "ያንቺ ነው" ያለኝ ዕቃ እሷ ብቻ ነበረች። በፍል ውሃ ብቻ አለቀለቅኳት። ክሎሮክሱ ክንዴ ሥር ቆሞ ያየኛል፤ አልነካሁትም። የታሸገ ውሃ ሞላሁባት፣ የተረፈውን ጨው ጨመርኩ፣ የከረጢቷን ጥግ በጥፍሬ ጠርጌ አቧራዋን አራገፍኩባት። ከዚያ ትንሿ መስኮቴ ላይ አስቀመጥኳት። ከመስኮቷ ውጪ የኤር ኮንዲሽነሩ ማሽን ሙቅ አየር ይተፋል፤ ክረምትም በጋም ክፍሌ እንደ ምጣድ ጀርባ ነው። ለእኔ ቅጣት የሆነው ሙቀት ለእንቁላሎቹ መድኃኒት ሆነ።

በማግስቱ ከሰዓት፣ ማሽኑ ልብስ ሲያሽከረክር፣ የስልኬን መብራት ብልቃጧ ላይ አበራሁ። ውሃው ውስጥ ነጭ ነጥብ ነበረች። አቧራ ነው ብዬ ዓይኔን ላነሳ ስል ነጥቧ ሐሳቧን ቀየረች፤ ወደ ግራ ስትሄድ ቆይታ ወደ ቀኝ ታጠፈች። አቧራ አይታጠፍም። ከዚያ ሌላ አየሁ፣ ሌላም። እየተንጠራወዙ፣ እየተንቀጠቀጡ ወደ መብራቱ መጡ። ስልኩን ወደ ቀኝ ሳደርግ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ሳደርግ ወደ ግራ ተከተሉኝ። በዚያ ቤት እኔ የማዝዘው ነገር ሲንቀሳቀስ ያየሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ጮክ ብዬ ሳቅሁ፤ ደግነቱ ማሽኑ ከእኔ በላይ ይጮሃል።

የነገርኳት ለአንዲት ሴት ብቻ ነው። ጎረቤት ቤት የምትሠራ፣ በዕድሜ የምትበልጠኝ የአገሬ ልጅ ናት፤ እትዬ እላታለሁ። የሁለቱ ቤቶች ጣራ በአንድ ግንብ ስለሚለያይ፣ ልብስ ስናሰጣ በግንቡ ላይ እናወራለን።

"እትዬ፣ ሩቢያን ማርባት ጀመርኩ።"

"ምን ማርባት?"

"ሩቢያን። ከአቧራ የሚያንሱ ናቸው፤ ግን ዘራቸው ሩቢያን ነው፣ ሳጥኑ ላይ ተጽፏል።"

ሩቢያን እዚህ አገር የሚወደድ የባሕር እንስሳ ነው፤ ብዙ እግር ያለው፣ ጢማም። ማዳም ከሩዝ ጋር ስለምትወደው በከረጢት እየመጣ እኔ ሽፋኑን እልጣለሁ፣ ጀርባውን ሰንጥቄ ጥቁሩን አንጀት አወጣለሁ። አልቀምሰውም። ክንፍና ቅርፊት የሌለው የባሕር ነገር በእኛ እምነት አይበላም፤ እትዬም እኔም አፋችን ላይ አድርገነው አናውቅም።

"ስትልጪው የሚያጥወለውልሽን ነገር ነው የምታሳድጊው?"

"እሱን።"

"አይበላ፣ አይታለብ፣ እንቁላል አይጥል! ምን ይሠራልሻል?"

"እንቁላልስ ይጥላል አሉ። ደግሞ ስለማይበላ ነው እትዬ። በዚህ ሰፈር የማትበላቸው እኔና አንቺ ብቻ ነን፤ ከእኛ ዘንድ ካልሆነ የት ሄደው ይደጉ?"

"ኪዳነ ምሕረት ትድረስልሽ! ሰው ከኮሮና ይሸሻል፣ እሷ የባሕር በረሮ ትቀልባለች!" ሳቋ ግን ግንቡን አልፎ መጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳናወራ በፊት የምትጠይቀኝ ስለ እነሱ ነው፦ "በረሮዎችሽ እንዴት አደሩ?"

አደጉ። የጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ አርጥቤ በእሱ አንዲት ቁንጣሪ መኖ እሰጣቸው ነበር። ውሃው ሲቀንስ ከመጠጥ ውሃዬ እተካለሁ። በጀርባቸው ተንጋለው ይዋኛሉ፤ እግሮቻቸው እንደ ሽፋሽፍት ይርገበገባሉ። ሲያድጉ ሁለት ሁለት ሆነው ተያይዘው መዋኘት ጀመሩ። ይህንንም ለእትዬ ነገርኳት።

"ሰርግ ተከልክሏል በያቸው!" አለችኝ፤ ያኔ ሰርግም ለቅሶም በመንግሥት ተከልክሎ ነበር።

አንድ ቀን አንዲት ግጥም አነበብኩላት።

በር የሌለው ክፍል፣ በር አለው ይሉኛል፤
ማንም ሳያንኳኳ፣ ገብቶ ይወጣብኛል።

እትዬ አንሶላ እየዘረጋች አሰበችበት። "ቤት ይመታል። ግን ይሄ አቤቱታ ነው" አለች። "አቤት የምትይው ለማን ነው? ለእኔ? እኔም በር የለኝ።"

ተናደድኩባት። እውነቷን ስለነበር ነው።

ልጅቷ ያየቻቸው እንደ ሁልጊዜው ሳታንኳኳ ገብታ ነው። ካልሲ ፍለጋ መጥታ ዓይኗ መስኮቱ ላይ ቀረ። ተጠጋች። አፏ ተከፈተ። ከዚያ ሮጣ ወጣች፤ ድምፅዋ ደረጃውን ሞላው፦

"ማማ! ማማ! የኔን ዓሣዎች ሰርቃ ደብቃቸዋለች!"

"ሰረቀች" የሚለው ቃል በዚህ አገር ለእኛ ለቤት ሠራተኞች ትንሽ ቃል አይደለም። በእሱ ቃል ሰው ይታሰራል፣ ደመወዝ ይቀራል። ማዳም ስትመጣ እኔ በብልቃጧና በበሩ መሃል ቆሜ ነበር።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የተጣለ ነው፣ ማዳም።"

"ከቆሻሻ ውስጥ ዕቃ አወጣሽ?"

"ቆሻሻ ማውጣት ሥራዬ ነው።"

"አትመላለሺኝ። የልጄ ነው፣ ስጪያት።"

"ላ፣ ማዳም።"

"ላ" በአረብኛ "እምቢ" ማለት ነው። ለመናገር ቀላል ቃል ናት፤ አንድ ፊደል። እዚያ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ግን ከአፌ ወጥታ አታውቅም ነበር። ማዳም በትክክል የሰማች አልመሰላትም።

"ምን አልሽ?"

"ላ አልኩ። ስትጥለው አቧራ ነበር። አቧራው የእሷ ነው፣ እመልስላታለሁ። እነዚህን ግን ያሳደግኋቸው እኔ ነኝ። ብልቃጧንም ሰጥተሽኛል።"

"ወደ መክተብ ነው የምመልስሽ!" አለች፤ ወደ አመጣኝ ኤጀንሲ ማለቷ ነው።

"መክተቡ ተዘግቷል፣ ማዳም።"

"አገርሽ ነው የምልክሽ!"

"አውሮፕላን የለም።"

ልሰድባት ብዬ አልነበረም፤ ያለውን ነው የነገርኳት። አየችኝ፤ እኔም አየኋት። አየር ማረፊያው የተዘጋው በእኔ ላይ ብቻ እንዳልሆነ ሁለታችንም እኩል የገባን ያን ጊዜ ይመስለኛል። እኔ መሄድ አልችልም፤ እሷም ሌላ ሠራተኛ ማስመጣት አትችልም። ማሰናበት የማትችለው ሰው ፊቷ ቆሟል።

ያላት አንድ ነገር ጉልበቷ ነበር። ገፋ አድርጋኝ አለፈችና ብልቃጧን በሁለት እጇ አንስታ ወጣች። ማዳም በገዛ እጇ ዕቃ ተሸክማ ስትሄድ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ውሃው እጅጌዋ ላይ ሲፈስ ሰማሁ። "በሉ እንግዲህ" አልኩ ለራሴ።

ብልቃጧ ሳሎን፣ እብነ በረዱ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች፤ ልክ ከኤር ኮንዲሽነሩ ሥር። የዚያ ቤት ሳሎን ደብረ ብርሃን ነው፤ ውጪው እሳት ሲሆን እነሱ ብርድ ልብስ ተከናንበው ቴሌቪዥን ያያሉ። "ማዳም፣ ብርድ አይችሉም" አልኳት። "አታስተምሪኝ" አለች። ልጅቷ በማንኪያ መኖ ስትጨምር አይቼ "ይበዛል" አልኩ። ልጅቷ እናቷን አየች፤ እናቷ እኔን አየች። ሁለተኛ አልተናገርኩም። ጠረጴዛውን ስወለውል ብልቃጧን እየዞርኩ ወለወልኩ፤ በጣቴ አልነካኋትም። ክፋት ነው የሚለኝ ሰው ይኖራል። ይበል። የራሴ አይደለም የተባልኩትን ነገር በነጻ አላስታምምም ነበር።

ውሃው ነጣ፤ የሩዝ ማጠቢያ መሰለ። ዋናተኞቹ መጀመሪያ ዘገዩ፣ ከዚያ ወደ ታች ሰመጡ።

"ለምንድን ነው ወደ ታች የሄዱት?" ልጅቷ ወደ እኔ መጣች።

"ባለቤታቸውን ጠይቂ።"

"ባለቤታቸው እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው ራስሽን ጠይቂ።"

ሄዳ ብልቃጧ ፊት ተንበረከከች። ዓይኗን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ቆየች። ያን ጊዜ ልጠላት ፈልጌ አልቻልኩም። ድመት ከለከሏት፤ ከዚያ አቧራ ሰጧት፤ ከዚያ የሰው ሥራ ቀምተው ሰጧት። ከሦስቱ አንዱም እሷ የጠየቀችው አልነበረም።

ሽታው ሲመጣ ማዳም ጠራችኝ። አፍንጫዋን ይዛለች። "ወስደሽ ድፊው። ብልቃጡን በክሎሮክስ እጠቢው።"

ወሰድኳት። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ ገንዳው ላይ ቆምኩ፤ አንድ እጄ ላይ ብልቃጧ፣ ሌላው እጄ የክሎሮክሱ ክዳን ላይ። እጄ ለምዶበታል፤ እኔ ሳላዝዘው ይከፍታል። ያስቆመኝ አንድ ነገር ነው። ውሃው ይደርስበት የነበረው ከፍታ ላይ፣ መስታወቱን ዙሪያውን የከበበች ቡናማ ቀለበት ነበረች። በጥፍሬ ጫርኩ። ጣቴ ላይ የቀረፋ ዱቄት ቀረ። ይህን ዱቄት አውቀዋለሁ፤ ከረጢቱ ጥግ ላይ ተጣብቆ የቀረው ያው ነው። እነዚያ ተያይዘው ሲዋኙ የነበሩት ሳይሞቱ በፊት ሥራቸውን ጨርሰዋል።

የክሎሮክሱን ክዳን መልሼ ዘጋሁ።

እርጎ በምናጠልበት ስስ ጨርቅ ውሃውን አጠለልኩ። ቀለበቷን በጥንቃቄ ፍቄ፣ ጨርቁ ላይ የቀረውንም ጨምሬ፣ የሲኒ ማስቀመጫ ላይ አድርጌ ጣራ ወጣሁ። የኩዌት ፀሐይ በዚያ ወር ልብስ ሳይጨመቅ ያደርቃል።

"አሁን ደግሞ በርበሬ ማስጣት ጀመርሽ?" እትዬ ከግንቡ ማዶ ብቅ አለች።

"እንቁላል ነው።"

"ሞቱ አላልሽኝም?"

"ሞቱ። ይሄ ልጆቻቸው ነው።"

"እነሱ ሲወስዱብሽ ደግመሽ ልታሳድጊ? ደግመው ቢወስዱብሽስ?"

"ደግሜ አደርቃለሁ።"

እትዬ ከራሷ ማስጫ ሁለት መቆንጠጫ ነቅላ፣ ነፋስ እንዳይወስደው ወረቀት ከልዬ ሲኒ ማስቀመጫው ላይ እንድቆነጥጠው ወረወረችልኝ። "ያንቺ እልህ ደርቆ ቢሸጥ ያበለጽግሽ ነበር" አለች።

ማዳም በማግስቱ ብልቃጧን መስኮቴ ላይ ባዶዋን አይታ ጠየቀችኝ። "አጠብሻት?"

"በውሃ።"

"በክሎሮክስ አላልኩሽም?"

"ብልቃጧ የኔ ናት፣ ማዳም። የናንተን ዕቃ ሁሉ በክሎሮክስ አጥባለሁ። የኔን በውሃ።"

"የሚገርም ነው" ብላ ወጣች።

ይህን የሚያነብ ሰው እዚህ ቦታ ላይ እንቁላሎቹን ከእኔ ጋር ማመሳሰል እንደሚያምረው አውቃለሁ፤ ደርቃ፣ ተጥላ፣ ውሃ ስታገኝ ነፍስ የምትዘራ ልጅ። ግጥም የሚወድ ሰው ይህን ሳይል አያልፍም። እኔ ግን አልቀበልም። አልደረቅሁም፤ ማንም ውሃ እስኪሰጠኝ ቁጭ ብዬ አልጠበቅሁም። በዚህ ነገር ውስጥ እኔ ውሃ የሰጠኋቸው ነኝ። አሁን የምሠራው አሕመዲ በሚባል ሰፈር ሌላ ቤት ነው፤ እዚህም መስኮቴ ላይ ብልቃጥ አለ፤ ውስጡ ያሉት የእነዚያ የልጅ ልጆች ናቸው። እነሱ እነሱ ናቸው፣ እኔም እኔ ነኝ።

ወደ ሳልሚያው ልመለስ፤ እንቁላሎቹ ሲደርቁ ጨው ከኩሽና ወሰድኩ፤ የድሮውን ውሃ በምላሴ ቀምሼው ስለነበር ልኩን አልሳትኩም። አቧራዋን በተንኩ። ሙቀቱ ሥራውን ሠራ። በማግስቱ የስልኬን መብራት ሳበራ ነጥቦቹ ታጠፉ።

ልጅቷ ገባች፤ ሳታንኳኳ። ፎጣ አንስቼ ብልቃጧ ላይ ጣል አደረግሁ።

"ምን ደበቅሽ?"

"ውጪና አንኳኪ።"

"ምን?"

"ውጪ። በሩን ዝጊ። አንኳኪ። የሰው ቤት ሲገባ እንዴት ነው የሚገባው?"

"ይሄ እኮ የኛ ቤት ነው።"

"ቤቱ የናንተ ነው። ከዚህ በር ወዲህ የኔ ነው። ካልፈለግሽ ሂጂ።"

ቆመች። እናቷን ልትጠራ ትችል ነበር፤ አንዴ ጠርታ ያመጣችውን ግን አልረሳችም። ወጣች። በሩ ተዘጋ። ከዚያ በትንሽ ጡጫ፣ ድብ ድብ።

"ማነው?"

"እኔ!"

"እኔ ማነው?"

ከበሩ ኋላ ሳቅ መጣ። ጨዋታ መስሏታል፤ ይሁን፣ በጨዋታም የተማረ ሰው ተምሯል። ስትገባ ፎጣውን አነሳሁ። እጇን አፏ ላይ ጫነች። የጥርስ መጎርጎሪያውን ሰጠኋት፣ እንዴት እንደሚረጥብ፣ አንዲት ቁንጣሪ ብቻ እንደምትበቃ አሳየኋት። "አትጨምሪ፣ ይሞታሉ" ስላት "አውቃለሁ" አለች፤ እንደ ትልቅ ሰው። ያን ጊዜ "የኔ" አላለችም። እኔም አላልኩም። ማን እንደሚያንኳኳና ማን እንደሚከፍት ግን ግልጽ ነበር።

ከዚያ በየቀኑ ትምህርቷን በታብሌት ስትጨርስ ትመጣለች። ታንኳኳለች።

ማዳም የመጣችው ልጇን ፍለጋ ነው። ቤቱ ፀጥ ሲልባት ተነስታ፣ እንደ ልማዷ በሩን በርግዳ ገባች። ልጅቷ አልጋዬ ላይ ተንበርክካ መብራት እያበራች ነበር። ዞር ብላ ጮኸችባት፦

"ማማ! ሳታንኳኪ ገባሽ! ውጪ! ሕጉ ነው!"

"ምን ሕግ? ማን ያወጣው ሕግ?"

ልጅቷ በመጎርጎሪያው ወደ እኔ ጠቆመች።

ማሽኑ መጭመቅ ጀምሮ ነበር፤ ክፍሉ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ማዳም ብልቃጧን አየች፤ ድፊው ያለችውን፣ በክሎሮክስ እጠቢው ያለችውን። ነጥቦቹ በመብራቱ ውስጥ ይተራመሳሉ። ከዚያ እኔን አየች። "ላ" አፌ ውስጥ ዝግጁ ነበረች። ብልቃጧን ደግማ ብታነሳ እጇን እይዛለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር፤ የመጣው ይምጣ።

"ማማ፣ ያላ!" አለች ልጅቷ ትዕግሥቷ አልቆ። "ውጪ፣ ከዚያ አንኳኪ፣ ከዚያ ታሳይሻለች። በጣም ያምራሉ!"

ማዳም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። በሩ ተዘጋ። ሄዳለች ብዬ ነበር። ከዚያ የጣቷ ቀለበት ድምፅ እንጨት ላይ መጣ። ቀጭን ነበር፤ ማንም እንዳይሰማት የፈለገች ይመስል። ግን ሁለት ጊዜ ነው ያንኳኳችው።

ስልኬ ላይ ያለችው ግጥም ትዝ አለችኝ፤ ማንም ሳያንኳኳ የምትለው። ውሸት ሆነችብኝ። ለግጥሟ አላዘንኩላትም።

"ላህዛ" አልኩ። "አንዴ ቆዪ" ማለት ነው፤ ከማዳም የተማርኩት ቃል ነው፣ በሯን ባንኳኳሁ ቁጥር የምትለኝ። ምንም የምሠራው ነገር አልነበረኝም። አንሶላዬን አስተካከልኩ። ሽርጤን ፈትቼ ሚስማሩ ላይ ሰቀልኩ። ልጅቷ አፏን በእጇ ይዛ ትስቃለች። ብልቃጧን ከመስኮቱ ወደ አልጋዬ ራስጌ አመጣኋት፤ በደንብ እንድትታይ።

ከዚያ "ተፈደሊ" አልኳት፤ ግቢልኝ ተብሎ እንግዳ እንደሚጋበዘው።